ተራራው ጀልባዬን የዋጠበት ክረምት

ኖቬምበር 3

ዜናውን የሰማሁት ከኩባንያዬ ሳይሆን ከዓሣ ሻጯ ከእትዬ ማንሁዋ ነው። ሱቄን ከፍቼ ጃንጥላዬን እንኳ ሳላራግፍ፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጣጠፈበት ጓንታቸውን እንዳጠለቁ በሩ ላይ ቆመው፣

«ሱዩዌ፣ ተሸጣችሁ አሉ» አሉኝ።

«ማን ነው የተሸጠው?»

«እናንተ ነዋ! ጀልባ ሞባይልን ተራራ ሞባይል ገዛው። ማታ በቴሌቪዥን ሲሉ ነበር። አልሰማሽም? ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በሱአው ወደብ፣ በዓሣ ገበያው መንገድ ላይ፣ የጀልባ ሞባይል ወኪል ሆኜ ሲም ካርድ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ከሱቁ በላይ ያለችው ክፍል መኖሪያዬ ናት፤ ሱቁ ከሄደ እሷም አብራ ትሄዳለች። የኩባንያው መልእክት የደረሰኝ ከምሳ በኋላ ነው። «ውድ የሥራ አጋራችን፣ ይህ ሽያጭ ሳይሆን ውህደት ነው» ይላል። መንግሥት የፈቀደው ከነግዴታው ነው፤ የነባር ደንበኞች ውል እስኪያልቅ ድረስ በድሮው ዋጋ ይቀጥላል። ስለ ነባር ወኪሎች ግን አንድም ቃል የለም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የተራራ ሞባይል ወኪል፣ ላን ጂንሹይ የሚባለው ጉደኛ፣ ሳይመሽ ቀይ ጨርቅ ሰቀለ። «የጀልባ ደንበኞች ሆይ፣ እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ!» ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ኖቬምበር 4

ዝናብ። ቀለሙን እንዲያጥበው ጸለይኩ። አላጠበውም። ጥሩ ቀለም ነው የገዛው።

ኖቬምበር 9

ዛሬ ጠዋት ላን አልመጣም። መምጣት ስል ወደ ሱቄ ማለቴ አይደለም፤ ገብቶ አያውቅም። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ግን አረንጓዴ ጃንጥላውን ይዞ፣ የሚሄድበት ያለው መስሎ፣ በበሬ በኩል ያልፋል። የዋጋ ሰሌዳዬን በዓይኑ ጠርዝ ያነብና ተመልሶ የራሱን ይሰርዛል። እኔ 299 ዩዋን ካልኩ እሱ 289 ነው። እሱ አምስት ኪሎ ሩዝ ከመረቀ እኔ መጥበሻ እመርቃለሁ፤ እሱ መጥበሻ ሲል እኔ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ። አንድ ዓመትማ ሁለታችንም የሽንት ቤት ወረቀት በካርቶን አድለን፣ እስካሁን ያልጨረሱ ቤቶች አሉ።

ዛሬ ምን ብሎ ይምጣ? ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ወረቀት ለሁለታችንም አንድ ነው። ውሉ ለሚያልቅበት ደንበኛ ሁሉ አንድ ዋጋ፣ 499። ስጦታ ቀርቷል።

ጠዋቱን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ሲመስለኝ ዋለ።

ኖቬምበር 14

ክፉ ብቻ እንዳልጽፍ። የዓሣ ጀልባ ካፒቴን የሆነው ዡዋንግ ዛሬ መጥቶ፣ በተራራ ሞባይል ምሰሶዎች ምክንያት ስልኩ ከወደቡ ግንብ አልፎም እንደሚሠራ ነገረኝ። በኛ ጊዜ ግንቡ ጋ ሲደርስ ነበር ድምፁ የሚጠፋው። ስንት ጊዜ ወደ ዋናው ቢሮ ጻፍኩ! ምሰሶ ለመትከል ገንዘብ የለንም ሲሉኝ ኖሩ። የገንዘባችን ማነስ እውነት ነበር፤ ርካሽም የሆንነው ለዚያው ነው።

«እንግዲህ ደስ ይበልህ» አልኩት።

«ምን ደስ ይለኛል? ሚስቴ ባሕር ላይ ድረስ ትደውላለች። እኔ እኮ ባሕር የምወጣው ዝምታ ፍለጋ ነው» ብሎ በግኖ ሄደ።

ኖቬምበር 22

የእትዬ ማንሁዋ ውል አለቀ። የፈራሁት ቀን ደረሰ ማለት ነው።

«ስንት?» አሉ።

«አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።»

«ዕድሜሽን ነው ወይስ ዋጋውን?»

«ዋጋውን ነው እትዬ።»

«ላን ጋ እሄዳለሁ!» አሉና ወጡ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። በሕይወቴ እንዲህ ተሸንፈው አይቻቸው አላውቅም። ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉና፣ «እዚያም ያው ነው። ታዲያ እኔ አሁን አንቺን በማን ላስፈራራሽ?» አሉኝ። ውሉን ሰጠኋቸው። ፈርመው ሄዱ፤ መጥበሻ እንኳ አልጠየቁም።

ከሰዓት በኋላ ላን ጂንሹይ መንገዱን ተሻግሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሱቄ ውስጥ ገባ። ጃንጥላውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ሲዞር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ። «አምና ለእትዬ ማንሁዋ ሁለት የሩዝ ማብሰያ ሰጥተሻቸዋል?»

«ሁለት? ሁለት! አንድ መጥበሻ ነው የሰጠሁት፤ እሱንም አንተ ብስክሌት እንደሰጠሃቸው ስለነገሩኝ!»

«ብስክሌት?» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ አንቺ ሁለት ማብሰያ ሰጠሽ ስላሉኝ ነው የሩዝ ማብሰያ ከነጆንያ ሩዙ የሰጠኋቸው።»

ተያየን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስንት ሴት በስንት ብስክሌት እንደሸወደችን እያሰብን፣ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሳቄ ረዘም ብሏል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዲሴምበር 5

ደም ሥሬ ተገታትሯል! ላን ጥርሴ የፈረስ ጥርስ ነው ብሎ ለእትዬ ማንሁዋ ነግሯቸዋል። እኔም መንገዱን ተሻግሬ፣ ደንበኛው ፊት፣ የሱ ጭንቅላት የተላጠ ድንች እንደሚመስል ነገርኩት።

«አንቺ ነሽ የጀመርሽው!» ብሎ ጮኸ። «ሚስቴ የሞተችው ከኔ ወሬ ለመገላገል ነው ብለሻል!»

«እኔ? ማን ነገረህ?»

«እትዬ ማንሁዋ።»

ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። እትዬ ማንሁዋና ሦስት ዓሣ ሻጮች፣ ባሊያቸውን ይዘው፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው በጉጉት ይመለከቱናል። አንዷማ ድንች የሚለውን ስትሰማ አጨብጭባለች።

ነገሩ ገባን። እንድንጣላ ነው የፈለጉት። ስንጣላ ነው እነሱ የሚበሉት።

(ስለ ሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር በጭራሽ አልልም። ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጥሩ ሴት ነበረች። ይህን ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ ሁለቱንም ጊዜ።)

ዲሴምበር 6

የላን ሐሳብ ነው፤ «ይጣሉልን ካሉ እንጣላላቸው፣ ደስ ይበላቸው» አለ። መንገዱ መሀል ቆመን ተሰዳደብን። እኔ «ሌባ!» አልኩ፤ እሱ «ጠንቋይ!» አለ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲጮህ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እትዬ ማንሁዋ መጀመሪያ ሰሌዳዬን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን አዩ።

«ዋጋው ንቅንቅ አላለም» አሉ ለሌሎቹ። «በጩኸት ብቻ እኔ ምን እጠቀማለሁ? ኑ እንሂድ።»

ዲሴምበር 19

የተራራ ሞባይል የአካባቢው ኃላፊ አቶ ቱ ከዋናው ከተማ ከታይፔ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካናዳ አድጎ ነው አሉ፤ ጫማው ነጭ ነው፣ ያውም ዓሣ ገበያ! ሱቄን በሜትር ለካ። ተሻግሮ የላንን ለካ። ከዚያ ቁርጡን ነገረን፤ በአንድ መንገድ ላይ አንድ ወኪል ብቻ ነው የሚቀረው። በፌብሩዋሪ እስከሚውለው የጨረቃ አዲስ ዓመት በዓል ብዙ ውል ያሳደሰው፣ «ሥነ ምግባሩም ታይቶ»፣ ይቀራል። ሌላው በክብር ይሰናበታል።

ከዚያ ለብቻዬ ይዞኝ፣ «ስለ ተፎካካሪዎ የሚነግሩኝ ነገር ካለ?» አለኝ።

ላን ረቡዕ ረቡዕ ሱቁን ዘግቶ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል አልኩት።

ዲሴምበር 20

ለምን አልኩ? ማን አስገደደኝ? ረቡዕ ዓሣ ቢያጠምድ ምን ጎደለብኝ? ያጠመደውንም አንዳንዴ በሬ ላይ ሰቅሎልኝ ይሄዳል።

አፌን ይቁረጠው።

ጃንዋሪ 8

ሰው በሰው ላይ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ። የላን ማሽን ተበላሽቶ ደንበኞቹን ወደ እኔ ላካቸው።

ጃንዋሪ 11

የላን ማሽን ዛሬም ተበላሽቷል። ደንበኞቹ ሁሉ ፊርማቸውን እኔ ጋ። እንዴት ያለ ሰነፍ ሰው ነው! መሽቶ ስዘጋ ግን ሰሌዳው ላይ መብራት በርቶ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ በመስኮቱ አየሁት መሰለኝ። ሰው ሲደክመው ያላየውን ያያል።

ጃንዋሪ 17

ደንበኞቼ ሲፈርሙ ዓይኔን አያዩኝም። ድሮ ሲፈርሙ ይሰድቡኝ ነበር፤ «ዘራፊ!»፣ «ሩዙስ?»፣ «ላን እኮ እንዲህ ሰጠኝ»። ስድቡ ናፈቀኝ። ዛሬ አንዲት የመረብ ጠጋኝ ሴት የልጆቿን ሁለት መስመር አዘጋችና የራሷን ብቻ አስቀረች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ጃንዋሪ 26

የዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ነበር። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ግብዣው የቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነው፤ ዝናቡ ከላይ ይደበድባል። የድሮ ጀልባና የድሮ ተራራ ወኪሎች ተቀላቅለን፣ የሚሽከረከር ሳህን ባለው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ፣ ማዶ ላን፣ መሀላችን አቶ ቱ። በዳቦ የተጠቀለለው የአሳማ ሥጋ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተሳቀ። ከዚያ ዶሮው መጣ።

ከነጭንቅላቱ መጣ!

ማንም እንዲህ አያደርግም አሁን። ድሮ ባለቤቱ በዚህ ግብዣ ላይ የዶሮውን ምንቃር ወደ አንድ ሠራተኛ ካዞረ፣ ያ ሰው ከበዓል በኋላ ሥራ የለውም ማለት ነው፤ ቃል መናገር አያስፈልግም። ዛሬ ዛሬ አስተዋይ አለቃ ወይ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ያስቆርጣል ወይ ወደ ራሱ ያዞረዋል። ለአቶ ቱ ግን የነገረው የለም። የወጥ ቤቱ ሴትዮ ሳህኑን ባገኘችው ቦታ አስቀመጠችው። ምንቃሩ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምንቃሩን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ዶሮ ነው፣ የተቀቀለ ዶሮ ነው እያልኩ ለራሴ ብነግረውም ልቤ አልሰማኝም፤ ክፍሌን፣ አልጋዬን፣ ሰሌዳዬን ሁሉ አየሁ።

«እግሩን እወዳለሁ» አለ ላን ድንገት፣ ጮክ ብሎ። ሳህኑን በጣቱ ገፋው። ምንቃሩ ዞረ። የጎረቤት ከተማዋ የሉዎዶንግ ወኪል በፊቱ ሲያልፍ ደንግጦ ገፋው፤ ሚስቱ ገፋችው፤ ሁሉም በየተራ ሲገፋ ዶሮው እየተሽከረከረ ሾርባው በአቶ ቱ ነጭ ሸሚዝ ላይ ተፈናጠረ። ላን በመብያ እንጨቶቹ ሳህኑን ያዘ። ምንቃሩ በራሱ በላን ደረት ትክክል ቆመ። ረጋ ብሎ እግሩን ቆርጦ ሳህኑ ላይ አደረገ።

«ምንድን ነው? አልበሰለም?» አለ አቶ ቱ። የሉዎዶንጉ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ነገረው። አቶ ቱ ላንን በጣም በአክብሮት አየው፤ ቆሞም ጎንበስ አለለት።

ላንን ምን ልበለው? ሆዳም! ለአንድ እግር ብሎ ይሄን ሁሉ። እግሩን ደግሞ አልበላውም። ሲነሳ ሳህኑ ላይ እንዳለ ነበር።

ጃንዋሪ 30

ለላን ደብዳቤ መጣለት። ራሱ አምጥቶ አነበበልኝ። «በባህላዊው ሥርዓት መሠረት በጨዋነት ያቀረቡትን የመልቀቂያ ጥያቄ ኩባንያችን በታላቅ አክብሮት ተቀብሏል።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ?» አልኩ።

«ዶሮውን ይመስለኛል» አለ።

ፌብሩዋሪ 1

አቶ ቱ ጋ ደወልኩ።

«ሰውየው እግር ነው የፈለገው!» አልኩት።

«የማን እግር?»

«የዶሮውን! አልለቀቀም። እግር ነው የጠየቀው። በዚህ አገር እግር መብላት መብት ነው።»

«ወይዘሪት ሱዩዌ» አለ፣ «ሱቁ እኮ ለእርስዎ ቀረ። ደስ አላለዎትም?»

«ደስ ብሎኛል!» ብዬ ጮኽኩበትና ዘጋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስጨርስ ተሻገርኩ። ላን ዕቃውን በካርቶን ያሽጋል።

«ለምን ዝም ትላለህ? ደውልለት! እግር ነው የፈለግኩት በል።»

«ጣፋጭ እግር ነበር።»

«አንተ እግር አትበላም! ሁልጊዜ ለድመቷ ነው የምትጥለው።»

ቀና አለ። «ታዪኛለሽ ማለት ነው?»

«መንገዱ ጠባብ ነው። ሳልፈልግ ነው የማይህ።» ከዚያ አፌ ሌላውንም አወጣው፤ «ስለ ረቡዕ ለአቶ ቱ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም ያንቺ ጣራ ያፈሳል ብዬዋለሁ።»

«ውሸታም! ጣራዬ አያፈስም።»

«ታዲያ ባልዲው ምንድን ነው?»

እሱም ያየኛል ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 7

የላን ምልክት ወረደ። መስኮቱ ጨለማ ነው። አሸንፌአለሁ። መንገዱ ሁሉ የኔ ነው። ሰሌዳዬ ላይ 499 ብዬ ጻፍኩ፤ 999 ብዬ ብጽፍም የሚያይ የለም። አቶ ቱ የብርቱካን ካርቶን ላከልኝ። አንዱንም አልቀመስኩም።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ጃንጥላ እጠብቃለሁ። ልክፍት ነው።

ፌብሩዋሪ 19

ዓሣ ገበያው ሲጮህ ሰማሁ። ጀልባ የሰጠመ መስሎኝ ወጣሁ። የላን መስኮት በርቷል! ሰማያዊ ምልክት፤ ማዕበል ሞባይል። ድሮ አምስት የነበሩት ኩባንያዎች እየተዋዋጡ ሦስት ብቻ ቀርተዋል፣ ከኛ ሌላ ያሉት ሁለቱ ሱአው ውስጥ ወኪል አልነበራቸውም፤ ለካ ይሄ ሰው ካርቶን ሲያሽግ ከማዕበል ጋር ሲነጋገር ነበር። ሰሌዳው ላይ «399፣ ከመጥበሻ ጋር»።

እትዬ ማንሁዋ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ውላቸው ገና አላለቀም፤ በባላቸው ስም ነው የመጡት።

አቶ ቱ ጋ ደወልኩ። «ደንበኞቼን እየነጠቀኝ ነው! ዋጋ ልቀንስ፣ ሩዝ ልስጥ!» ከዚህ በፊት ስጠይቅ «የማይቻል ነው» ያለው ሰው፣ ተፎካካሪ መጣ ስለው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፈቀደ። 389፣ ከአምስት ኪሎ ሩዝ ጋር!

ሰሌዳውን ስጽፍ ስዘፍን ነበር። አንድ ደንበኛ፣ «ዘራፊ! መጥበሻውስ?» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ልስመው ነበር።

ፌብሩዋሪ 20

ጃንጥላው አለፈ። እንዳላየሁት ሆንኩ። እሱም እንዳላየኝ ሆነ።

ማርች 3

ላን ማታ ሁለት ዓሣ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲንተባተብ ቆየ።

«ሁለት ኩባንያ ሲዋሃድ ወጪ ይቀንሳል ይላሉ» አለ። «አንድ ምድጃ። አንድ ቴሌቪዥን። አንድ ጣራ፤ የማያፈስ።»

«ዋጋም ይጨምራል ይላሉ» አልኩት።

«ይጨምራል?»

«አስቤበት እነግርሃለሁ።» ዓሣዎቹን ተቀበልኩት። በሩን ስዘጋ ፊቴ ይነድ ነበር፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አላፍርም?

ማርች 4

ወሬው እኔ ሳልነቃ ገበያ ደርሷል። እትዬ ማንሁዋ የዓሣ ሻጮቹን ሁሉ አስከትለው መጡ።

«አይሆንም!» አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የትዳር ነገር ነው።»

«የኔ የዋጋ ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ጠዋት ሁለት ዋጋ ልትለጥፉ? ሞኝሽን ፈልጊ!»

«ታዲያ ላላገባ ነው?»

ወደ ጥግ ሄደው ተማከሩ። እጅ አወጡ፣ ተጨቃጨቁ፣ አንዷ ተቆጥታ ባሊዋን ረገጠች። ሲመለሱ እትዬ ማንሁዋ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ፈቅደናል። ከነግዴታው። ሱቁ ሁለት ሆኖ ይቀጥላል። የአንዳችሁን ሰሌዳ ሌላችሁ አትነኩም። ማዕድ ላይ ስለ ዋጋ ትንፍሽ የለም። ወር ሙሉ ዋጋችሁ አንድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ በዚህ ወደብ ከእንግዲህ ዓሣ የሚሸጥላችሁ አታገኙም።»

ተስማማሁ። ላንም ማዶ ሆኖ በመስኮቱ በእሺታ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር፤ ለካ ሁሉንም ሰምቷል።

ማርች 17

ትናንት የጋብቻውን ውል ተፈራረምን። ዛሬ የመጀመሪያ እራታችን። ላን የዓሣ ሾርባ ሠራ፤ ዝንጅብል አብዝቶበታል፣ አልነገርኩትም። ሳህኔን ሲሞላልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሱዩዌ፣ ነገ ስንት ልትይ ነው?» አለኝ።

«ሾርባህን ጠጣ» አልኩት።

ሳቀ። እሱ አሁን ተኝቷል፤ ያንኮራፋል። እወደዋለሁ። ነገ 379 ነው የምለው።